በለቅሶ ተኩስ የተጎዳ የለም

ቁጣ የያዘው ሰው ብዕር አያንሳ ይላሉ። እኔ ደግሞ ካልተቆጣሁ አንድ መስመር አይወጣኝም። ይበርድልኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ስለዚህ እንደተቆጣሁ እጽፈዋለሁ፤ ደስ ያላለው ይተወው።

ሥራዬ መጻፍ ነው፤ የራሴን ሳይሆን የሰው ቃል። አርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ስሙን ልተወውና፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሰው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ በማግስቱ አነብላቸዋለሁ፣ ያጸድቃሉ፣ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታበትና መዝገብ ቤት ይገባል። ስምንት ዓመት ይህንኑ ነው የሠራሁት። «ሰፊ ውይይት ተደርጎበት»፣ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚሉትን እጄ እኔን ሳያማክር ይጽፋቸዋል። ሰው ተሰዳድቦ ወንበር ሊወራወር ደርሶ እንኳ እኔ የምጽፈው «ሐሳብ ተንሸራሸረ» ብዬ ነው። ሐሳብ ተንሸራሸረ! አባያ ሐይቅ ዳር ለሽርሽር የወጣ ይመስል።

የዚያን ጊዜው ስብሰባ ስለ ጦር መሣሪያ ነበር። ዋናው አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ማን ይያዝ፣ ማን አይያዝ፣ ፈቃድ ከየት ይወጣል የሚለው አዲስ አበባ ተወስኖ አልቋል። እኛ ዘንድ የመጣው የአዋጁ ልጅ ነው፤ ለአካባቢው እንዲስማማ ተብሎ የተዘጋጀ ረቂቅ ደንብ። ለሁለት ቀን ከየወረዳው ሽማግሌ፣ ነጋዴ፣ የሃይማኖት አባት፣ ፖሊስ፣ የሴቶች ተወካይ ተጠርቶ አዳራሹ ጢም ብሏል። ረቂቁ ውስጥ ስንት አንቀጽ አለ! በድብቅ ስለሚገባ መሣሪያ፣ ስለ ምዝገባ፣ ስለ ቅጣት። በዚያ ሁሉ ማንም አልተጣላም። የተጣሉት በአንዲት አጭር አንቀጽ ነው፤ በለቅሶም ሆነ በሠርግ ጥይት የተኮሰ ሰው መሣሪያው ይወረሳል፣ ፈቃዱም ይሰረዛል የምትል አንቀጽ።

ለምን እንደተቆጣሁ እንዲገባችሁ አስቀድሜ የወንድሜን ነገር መናገር አለብኝ።

ወላጆቼ ያሉት ደጋው ላይ፣ ኦቾሎ ነው፤ እኛ ቤት ወንድ ሁሉ ሸማኔ ሆኖ ነው የሚወለደው። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ ግን ሽመናው ሰልችቷቸው ወደ ጫኖ ወረዱና ሙዝ ያለማሉ። አባቴን የወጣው ታናሼ ነው፤ ከእኔ በኋላ የተወለደው፣ የመጨረሻው። የመሸመኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰዶ ሲሸምን፣ መወርወሪያው ከቀኝ እጁ ወጥቶ ግራ እጁ ሲገባ ዓይን አያየውም ነበር። ዱንጉዛ፣ የጋሞን ባለ ቀለም ጥበብ፣ እንዲሠራላቸው ከአዲስ አበባ ድረስ ደውለው ወረፋ የሚይዙ ሰዎች ነበሩት። አባቴ ሰውን አያመሰግንም፤ እሱን ግን «ይሄ ልጅ እጁ ላይ ሌላ ሰው አለ» ይለው ነበር።

ከዚያ ስብሰባ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ማዶ ባለው ቀበሌ አንድ ትልቅ ሰው ሞቱ። ዘመድ አይደሉም፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ተራራው ሁሉ ይወጣል። ደንቡ ነው። ወንዱ ጦርና ጋሻውን ይዞ ሜዳው ላይ እየሮጠ፣ እየፎከረ፣ ደረቱን እየመታ ሟቹን ይሸኛል። ይሄ የአባቶቻችን ነው፤ በዚህ አልጣላም። ጥይቱ ግን ኋላ የመጣ ነው። አንዱ ከከተማ መጥቶ ለአባቱ ተኮሰ፤ ሌላው «እኔስ ከማን አንሼ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሳይተኮስለት የተቀበረ ሽማግሌ ልጆቹ እንደ ውሻ ቀበሩት ይባላል። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ያሉት እኮ የእኛው አባቶች ናቸው! እንባ ያነሰው ሰው ይሆን እንዴ ጥይት የሚጨምረው?

የሟቹ ልጅ ከከተማ መጥቶ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱን እንኳ ክፉ ብዬ ብገላገል በወደድኩ። ክላሹን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላ እጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን እየቀረጸ ነው የተኮሰው። ራሱን እየቀረጸ! አባቱ አስከሬን ሆኖ ከፊት ለፊቱ ተጋድሞ፣ እሱ ፊቱ በስልኩ ውስጥ እንዲገባ አንገቱን ያዞራል። መጀመሪያ የተኮሳቸው ወደ ሰማይ ሄዱ። የመጨረሻው ላይ እጁ ደከመና አፈሙዙ ዘቅዘቅ አለ። ወንድሜ ከሚፎክሩት መካከል ነበር። ጥይቱ በግራ ትከሻው ገብቶ በጀርባው ወጣ።

በቃሬዛ መንገዱ ድረስ፣ ከዚያ በመኪና አርባ ምንጭ አወረዱት። ነፍሱ ተረፈች። ሐኪሙ ግን ሦስት ጊዜ አየውና ጅማቱ ተበጥሷል አለን፤ እጁ ይኖራል፣ አይሠራም። እንደተባለውም ሆነ። እጁ አለ። ሸሚዝ ሲለብስ በቀኝ እጁ አንስቶ እጅጌው ውስጥ ይከተዋል።

ወሬው ጫኖ እንደደረሰ ሁለቱ ወንድሞቼ ገጀራቸውን ይዘው ወደ ደጋ ወጡ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ «በሬሳዬ ላይ ተራምዳችሁ ሂዱ» ብሎ አስቀራቸው። በማግስቱ ጠዋት የሟቹ ቤተሰብ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መጡና ደጃችን ላይ ተንበረከኩ። ጋሞ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ የሚያልፈው ሰው የለም። በዚህ ሣር ስንት ደም ቀርቷል፤ አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ እንኮራበታለን፣ እኔም ስኮራ ነው የኖርኩት። አባቴ ሣሩን ተቀበለ። ምን ያድርግ? ካልተቀበለ ሁለት ልጆቹ ነፍሰ ገዳይ ሊሆኑ ነው። በሬ ታረደ፣ ተበላ፣ ተመራረቅን። ፖሊስም «በስህተት የተከሰተ፣ በዕርቅ ያለቀ» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

የዕርቁ ሕግ ግን አንድ ነገር አለው፤ ጣጣው ሁሉ ከዚያ ነው። ከታረቁ በኋላ ነገሩን በአፉ ያነሳ ሰው ጎሜ ገባ ይባላል። ጎሜ ነውር ብቻ አይደለም። ቤት የሚያፈርስ፣ ላም የሚያመክን፣ ልጅ የሚያሳምም በደል ነው፤ ያነሳው ሰው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ሁሉ የሚከፍለው። ስለዚህ ማንም አያነሳውም። እናቴ እንኳ «ነገሩ» ነው የምትለው። ነገሩ ከመሆኑ በፊት፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ። ወንድሜ መሸመኛው ፊት መዋል ሲያቅተው እኔ ዘንድ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ መጣና አብረን መኖር ጀመርን። ሰው «እጅህ ምን ሆኖ ነው?» ሲለው «አሞኝ ነው» ይላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኛ አገር ግን የተወጋውም እንዲረሳ ይታዘዛል።

ወደ አዳራሹ ልመለስ።

ስለዚያች አንቀጽ መጀመሪያ የተናገረችው አንዲት የፖሊስ ኢንስፔክተር ናት። ብዙ አላወራችም። «ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት እዚያው አይቀርም፤ ተመልሶ ይወርዳል» አለች። ከኋላ አንዱ ነጋዴ «አባያ ውስጥ ይወርዳላ!» አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንስፔክተሯ ፊቷ ቀልቶ ተቀመጠች። ሌላው ተነስቶ ጠመንጃ የወንድ ልጅ ክብር ነው አለ። አንድ ጡረተኛ ወታደር ደግሞ፣ ዓይኔ እያየ፣ «ሟች ጥይት ሳይሰማ አፈር ከሚቀምስ እኔ ብታሰር ይሻለኛል» ብሎ ፎከረ፤ ተጨበጨበለት። የአንዳንዶቹ ጠባቂዎች በረንዳው ላይ ክላሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ለስላሳ ይጠጣሉ። መሣሪያ ስለመቆጣጠር የምንወያየው በመሣሪያ ተጠብቀን ነው። እኔ ጻፍኩ፤ «ሐሳብ ተንሸራሸረ»።

ያን ጊዜ ሰብሳቢው ማይኩን ሳብ አደረገ። ብልጥ ሰው ነው፤ አንቀጿ ከረቂቁ እንድትወጣ እንደሚፈልግ ጠዋት ኮሪደር ላይ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ምርጫ ቢመጣ የደጋውን ሽማግሌ ማስቀየም አይሻም። «እሺ» አለ፣ «በስሜት አንነጋገር። በማስረጃ እንነጋገር። በአካባቢያችን በለቅሶ ተኩስ የተጎዳ ሰው አለ? አንድ ሰው ንገሩኝ። አንድ!»

ዝም።

እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ አዳራሹን አየሁት። የሳቀው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን አዛውንት አውቃቸዋለሁ፤ የልጃቸው ሚስት በለቅሶ ጥይት ጭኗን የተመታች ናት። በትራቸውን ያዩ ነበር። በሩ አጠገብ ያለው ሰውዬ በዚሁ ጥይት የሞተ የገዛ ወንድሙን ቀብሯል። የካፖርቱን ቁልፍ ይነካካል። መሃል ላይ ደግሞ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እርጥብ ሣሩን ይዘው ደጃችን ላይ መጀመሪያ የተንበረከኩት ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እኔን አዩኝ፤ አወቁኝም። ዓይናቸውን ቀስ ብለው ከእኔ ላይ አነሱ። ሁሉም ታርቋል። ሁሉም በሬ በልቷል። ሁሉም ጎሜ ይፈራል። ሰብሳቢውም ይህንን አሳምሮ ያውቃል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው። የማይመለስ ጥያቄ መሆኑን አውቆ ነው የጠየቀው!

«ስለዚህ የለም» አለ። ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ይያዝልን እህቴ» አለኝ።

ጻፍኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ «በለቅሶ ተኩስ የተጎዳ ሰው እንደሌለ ተሰብሳቢው አረጋገጠ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ወንድሜ አንድ እጁን አጥቶ፣ እኔ ሁለቱም እጆቼ ደህና የሆኑልኝ ሴት፣ በደህናው እጄ ጻፍኩት። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው።

ማታ ቤት ስገባ ወንድሜ ማንጎ ጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ በአንድ እጁ ይልጣል። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ልጣጩን አላቆመም።

«ጻፍሽው?» አለኝ።

«ጻፍኩት።»

«እና ምን ልትጽፊ ኖሯል? አባዬ ሣሩን ተቀብሏል።»

«አባዬ ሣሩን የተቀበለው ሰው እንዳይሞት ነው እንጂ አንተ እንዳልነበርክ እንድትሆን አይደለም!»

«አትጩኺ፤ ጎረቤት አለ» አለኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ስቆጣ ጎረቤት አለ ይለኛል።

አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን ገና ሳልጨርስ አቋረጠኝ። «ስሚ፣ አንቺ ልጅ። እኔ አፌን ሰጥቻለሁ። ያ የታረቅነው ሰው ዛሬ ቤቴ ገብቶ ይበላል፣ እንደ ልጄ ነው። ነገ አንቺ አዳራሽ ገብተሽ ካነሳሽው ዋሾው እኔ ነኝ። ወንድሞችሽ ደግሞ ገጀራውን የሰቀሉበትን አልረሱትም። ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።» ስልኩን ዘጋው።

ዝም አይነቅዝም! ይሄን ተረት ማን እንደተረተው ባገኘው ደስ ባለኝ። ይነቅዛል እንጂ። እኔ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ አይቼዋለሁ፤ ሸሚዝ በለበሰ ቁጥር አየዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጁ ወደ ሴቻ ዳገቱን ሲያቃስት ሁለት ሐሳብ ነበረኝ፤ አዳራሹ በር ላይ ስደርስም ሁለት ነበር። ቃለ ጉባኤው እንዲጸድቅ እኔ ማንበብ አለብኝ። ማይክ ሰጡኝ። አንደኛውን ገጽ አነበብኩ፣ ሁለተኛውን አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ ያ መስመር ጋ ስደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ቀጥይ እንጂ እህቴ» አለ ሰብሳቢው።

«ይሄን መስመር አላነበውም» አልኩ። «ውሸት ነው። አንድ ሰው ንገሩኝ ብለው ነበር። ወንድሜ አለ። ሸማኔ ነበር፤ ለቅሶ ላይ ተመቶ ግራ እጁ ደርቋል። ማን እንደመታው አልናገርም፤ ክስም የለኝም፤ ዕርቁም ዕርቅ ነው። የተጎዳ የለም የሚለውን ግን አላነብም።»

ያን ጊዜ ሣር ይዘው የመጡት ሽማግሌ ተነሱ፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ። «አንቺ ልጅ! ያ ነገር ታርቋል! እኔ ራሴ በጉልበቴ ተንበርክኬ ያስታረቅኩትን ነው የምትከፍቺው? የአባትሽን ቤት አታስቢም?»

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ታርቋል ካሉ ታዲያ ነበር ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ይመዝገብ! ሽማግሌው ራሳቸው መሰከሩ!» አለች። ለአንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው፣ ያሸነፍን መሰለኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት አዛውንት ቀና ብለው አዩኝ፤ አፋቸውን ሊከፍቱም ነበር።

ሰብሳቢው ቀደማቸው። ፈገግ አለ! ፊቱ እንደበራ «ይኸውላችሁ!» አለ። «ይኸውላችሁ ባህላችን! አደጋ ደረሰ፤ ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ቅጣት፣ ያለ ቂም ተፈታ። አገር ከእኛ ይማራል። ታዲያ እኛ ዘንድ በሣር የሚፈታውን ለምን በአንቀጽ እናስቸግረዋለን?» ጭብጨባው ከጣሪያው ተመለሰ። ነጋዴው አጨበጨበ፣ ጡረተኛው አጨበጨበ። ሽማግሌውም፣ አሁን ሲመርቁኝ ይሁን ሲረግሙኝ ሳይለይ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዛውንቱ አፋቸውን ዘግተው ወደ በትራቸው ተመለሱ። እኔ ለወንድሜ ብዬ ያወጣሁትን ቃል ተቀብለው አንቀጿን የሚያርዱበት ቢላ አደረጉት። አንቀጿ በሙሉ ድምፅ ከረቂቁ ወጣች። ኢንስፔክተሯ እጇን አላወጣችም፤ ግን ያው በሙሉ ድምፅ ተባለ።

ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። ወንድሜ ቆሞ ጠበቀኝ። ይሰድበኛል ብዬ ትጥቄን አጥብቄ ነው የገባሁት።

«ስሜን ጠራሽ?» አለኝ።

«ኧረ አልጠራሁም! ወንድሜ ነው ያልኩት፤ አንተን አላነሳሁም።»

«ስንት ወንድም አለሽ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ስንት ወንድም አለሽ ነው የምልሽ!» ጮኸ። እሱ፣ ጎረቤት አለ የሚለው ሰውዬ፣ ጮኸ። «ሦስት ነው ያለሽ! የትኛው መሆኑን ማን ያውቃል? ሽማግሌው ነገሩ ይሉኛል፣ እናቴ ነገሩ ትላለች፣ ሰብሳቢሽ አደጋ አለኝ። አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ አይቀር ምን ነበር ስሜን ብትጠሪው? ጎሜው እንደሆነ ገብተሻል! ለግማሽ ጎሜ ነው እንዴ የገባሽው?»

የሚቀጥለው ሰኞ ቃለ ጉባኤውን ስተይብ ስሙን አስገባሁት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያን ውሸት አወጣሁና በምትኩ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፍኩ፤ ዕድሜውን፣ ሸማኔነቱን፣ የትኛው እጁ እንደሆነ። ያን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። በስምንት ዓመት ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ እውነት የሆነ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ሰብሳቢው ቢሮው ጠራኝ። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞታል። «ይሄ ቃለ ጉባኤ ነው፣ የክስ መዝገብ አይደለም» አለኝ። አልተቆጣም፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። «የተባለው ወንድሜ ነው። ስም አልተጠራም። ያልተባለ ነገር አይጻፍም፤ ይሄንን ደግሞ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።» እውነቱን ነው፤ አልተባለም። አዳራሹ ውስጥ ስሙን ያልጠራሁት እኔ ነኝ። ሌላ የቢሮው ጸሐፊ በእኔ ፋንታ ተይባው አመጣች፤ «ጉዳቶች በባህላዊ ዕርቅ የሚፈቱ በመሆኑ አንቀጹ ከረቂቁ እንዲወጣ ተወሰነ» ይላል። የጸሐፊ ፊርማ የምትለዋን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ቤት ውስጥ ሁለት ሆነን የምንበላው በእኔ ሥራ ነው። ፈረምኩ።

ቤት ስገባ ወንድሜ አላስጨረሰኝም። «ገባ?» አለኝ።

ልነግረው ነበር። እምላለሁ፣ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን፣ እንደዚያ በርቶ ካየሁት ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ «ገባ» አልኩት።

«ከነአባዬ?»

«ከነአያትህ።»

ሸሚዙን ቀይሮ ወጣ፤ አደባባዩ ድረስ ደርሶ ተመለሰ፤ ሲመለስ ያፏጫል። ከዚያ በኋላ ሰው እጅህን ምን ሆነህ ነው ሲለው «ለቅሶ ላይ ተመትቼ ነው፤ ተመዝግቧል» ማለት ጀመረ። ተመዝግቧል ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ።

አባቴ ግን ከስብሰባው ወዲህ አልደወለም፤ እኔ ስደውል እናቴ ናት የምታነሳው። ስለ ጎሜው በግ እንዳረደ፣ ዱቡሻ ላይ፣ በሽማግሌዎቹ መሰብሰቢያ ሜዳ፣ በእኔ ፋንታ ቆሞ ልጄ አጠፋች ብሎ ይቅርታ እንደጠየቀ ከሰው ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ማሩት። እኔን አላናገረኝም። ሁለት ወር እንዲህ ሄድን።

አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ገና ነጠላችንን ሳናጥፍ፣ በአባቴ ስልክ ተደወለልኝ። ስድብ ነው ብዬ አነሳሁት።

«ወንድምሽ ነግሮኝ ነበር» አለ አባቴ። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ እናቴ እንዳትሰማው ይመስለኛል ውጭ ወጥቶ ነው። «መንግሥት ወረቀት ላይ ተጽፏል ይላል። እውነት ነው?»

ወንድሜ ከፊቴ ቆሟል፤ ስልኩን በዓይኑ ይዞታል።

«እውነት ነው፣ አባዬ።»

«የሱ ስም ብቻ ነው ወይስ የኔም አለበት?»

«የእርስዎም አለ። የአያቴም አለ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እንግዲያው ጥሩ» አለ። «ሣሩን ከተቀበልኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም ነበር። ከተጻፈስ እተኛለሁ።»